ከማማ ወደ ማማ

እህል ነጋዴ ነኝ፤ ስለዚህ ለእህል ማዳላቴን ከወዲሁ እወቁልኝ። በሐሙሲት ገበያ ከጤፍ ተራው ጫፍ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ቦታ የእናቴ የዘይነት ነበር፤ ጉልበቷን ሲያማት ለእኔ ለሱንዱስ ተወችልኝ። ቦታውን ስትተውልኝ ደንበኞቿንም አስረክባኛለች። ከእነሱ አንዱ አያ መርስዔ ኀዘን ናቸው። ስለ እሳቸው የምጽፈው ትልቅ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ሹመት የላቸውም፣ ገድል የላቸውም፣ ሰርግ ሲጠሩ እንኳ በሩ አጠገብ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። የምጽፈው ብቻቸውን ስለቀሩ ነው።

ከሐሙሲት ወጥታችሁ ወደ ጣና ስትወርዱ፣ ከመጨረሻው ኮረብታ ሥር አንድ ሜዳ ይከፈታል። እኔ ልጅ ሳለሁ ያ ሜዳ በሙሉ ማሽላ ነበር። በማሽላው ላይ አደንጓሬ ይጠመጠማል፣ በዳር በዳሩ ዱባ ይሳባል፤ አገዳው ለከብት፣ ለአጥርና ለማገዶ ይሆናል። እያንዳንዱ ማሳ መሐሉ ላይ በእንጨት የቆመ ማማ ነበረው። እሸቱ ወተት መቋጠር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ፍሬው እስኪጠነክር ድረስ ገበሬው፣ ሚስቱ ወይም ልጁ ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ማማው ላይ ይውላል። በሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ የሚያድረው ወፍ ሲነጋ ተነሥቶ በቀጥታ የሚመጣው ወደዚያ ሜዳ ነበርና።

ወፍ ጥበቃ አድካሚ ነው፤ የብቻ ሥራ ግን አልነበረም። አንዱ ጅራፉን አጩሆ ወፉን ከማሳው ሲያስነሣ ጎረቤቱን በስሙ ጠርቶ «መጡልህ!» ይለዋል። ጎረቤቱም በተራው አስነሥቶ «መለስኋቸው!» ይላል፤ ካልሆነም ወደሚቀጥለው ያሳልፋቸዋል። ወፎቹ ከማማ ወደ ማማ ሲባረሩ ውለው ሲደክማቸው ወደ ደንገላቸው ይገባሉ። ከእያንዳንዱ ማሳ ትንሽ ትንሽ ይለቅማሉ፤ አንድም ማሳ ግን ባዶውን አይቀርም። ቀብር ወይም ሰርግ ሲኖር ዕጣ ይጣላል። ዕጣ የወጣባቸው ቀርተው የሁሉንም ይጠብቃሉ፤ ሌላው ነጠላውን አጣፍቶ ይሄዳል። መንገደኛም ቢርበው እሸት ቆርጦ ጠብሶ ይበላል እንጂ የሚቆጣው አልነበረም። እናቴን ተከትዬ ስወርድ እሰማው የነበረው፣ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር የሚመላለሰው ጥሪ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ጫት መጣ። ጫትን አልሰድብም፤ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። የውኃ ሞተሩ ከሐይቁ እየሳበ ያጠጣዋል፣ ዝናብ ቢቀር ግድ የለውም፣ ተቆርጦ ሳይውል ሳያድር እንደገና ያቆጠቁጣል። ብቻ የሚረጭበት መድኃኒት የሜዳውን ንብ ፈጀው፤ መንገደኛም አንዲት ቀንበጥ ቢቀነጥብ ዱላ ይወርድበታል። ድሮ ማሽላቸውን ይሸጡልን የነበሩ ሰዎች አሁን ከመተማ በአይሱዙ የሚመጣውን ማሽላ ከእኔ ይሸምታሉ። ንግዴ አልተጎዳም፣ እንዲያውም አድጓል። የዚያ ሜዳ ሰው ባዶ ከረጢት ይዞ ሸራዬ ሥር ሲቆም ግን እናደዳለሁ። ተናድጄም ቢሆን እሰፍርለታለሁ።

ማሽላው ከማሳ ማሳ እየጠፋ፣ ማማውም እየፈረሰ ሄዶ በመጨረሻ የአያ መርስዔ ማሳ ብቻ ቀረ። ሰው ግትር ይላቸዋል። እኔም ግትር እላቸዋለሁ፣ ግን ምክንያታቸውን አውቃለሁ። ያ ነጭ ማሽላ ሟች ባለቤታቸው ወለተ ሩፋኤል ለትዳር ስትመጣ ከእናቷ ቤት በቅል ይዛው የመጣችው ዘር ነው። ቤታቸው ጥግ የቆመውን ትልቅ የእህል ጎታም ጭቃና ገለባ አቡክታ በእጇ የሠራችው እሷ ናት። የጣቶቿ ምልክት እስካሁን ጎታው ላይ ይታያል። ማሽላው እስካለ ድረስ እሷ ፈጽማ ከቤት የወጣች አይመስላቸውም። ይህን በአፋቸው ነግረውኝ አያውቁም፤ ነገር ግን እህል ሊቀዱ ሲሉ እጃቸውን መጀመሪያ የት እንደሚያሳርፉ አይቻለሁ።

ችግሩ ወፍ ጫት አለመብላቱ ነው። ድሮ ለብዙ ማሳ ይከፋፈል የነበረው ወፍ ሁሉ በአንድ ማሳ ላይ ይወርድ ጀመር። አያ መርስዔ ከአንዱ ጥግ ሲያባርሩት ወደ ላይ ይነሣል፣ ጫቱ ላይ ይዞራል፣ ማረፊያ ሲያጣ ተመልሶ በሌላው ጥግ ይቀመጣል። የሚያሳልፉለት ሰው ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ከራሳቸው ማሳ ወደ ራሳቸው ማሳ ሲያባርሩ ይውላሉ።

እርግጥ አንድ ሰው ነበረ ማለት ይቻላል። አያ ፍሬ ስብሐት ከአያ መርስዔ ጋር አብረው ያደጉ፣ ማሳቸውም በአንድ ቦይ ብቻ የሚለይ ጎረቤት ነበሩ። በሜዳው ላይ መጀመሪያ ጫት የተከሉት እሳቸው ናቸው። አያ መርስዔ ተቀየሟቸው። መንገድ ላይ ሲገናኙ የእግዜር ሰላምታ ተሰጣጥተው ያልፋሉ እንጂ ቆመው አይጫወቱም። ነገር ግን ፍሬ ስብሐት ማማቸውን አላፈረሱም፤ ጫታቸውን ከሌባ ይጠብቁበት ነበር። ማሽላው እሸት በሚሆንበት ወራት አያ መርስዔ ወፉን አስነሥተው ጅራፋቸውን ሲያጮኹ፣ ፍሬ ስብሐት ከጫቱ መሐል ድምፃቸውን ለቀው «መለስኋቸው!» ይላሉ። የሚመልሱት ወፍ አልነበራቸውም። ፊት ለፊት ሲሆን ኩርፊያ፣ ከሩቅ ሲሆን ወዳጅነት። እኔ በሰማሁ ቁጥር እስቅ ነበር። አያ መርስዔም እንዳላይባቸው ፊታቸውን አዙረው ፈገግ ይላሉ።

አያ መርስዔ ብሥራት የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። ክፉ ልጅ አይደለም። አባቱ ድምፃቸው ዘግቶ፣ ሳል ይዟቸው ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ካቻምና ክረምት ላይ መጥቶ፣ እባክዎ መሬቱ ጫት ይተከልበትና እርስዎ ይረፉ ብሎ ለመናቸው። ረጅም ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ አያ መርስዔ እኔና ጎረቤቶች ባለንበት ቃል ሰጡ። ይህ የቆመው ማሽላ ተሰብስቦ የእናትህን ጎታ ከሞላ፣ በሕይወት እስካለሁ መሬቱን ማንም አይነካውም፤ ካልሞላ ግን ያንተ ነው፣ የፈለግኸውን ትከልበት አሉት። ብሥራት ተስማማ። ወደ ከተማ ሲመለስ ሸራዬ ጋ ቆሞ ቢሞላም ደስ ይለኛል፣ ባይሞላም ደስ ይለኛል አለኝ። ፊቱ ላይ ግን አንዱም ደስታ አልነበረም።

አምና መስከረም ላይ ማሽላው ምን የመሰለ ነበር። ዛላው ከብዶት አንገቱን ሰብሯል። ያን ጊዜ ወርጄ ሳያቸው፣ ጎታው ይሞላል አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ከስተው ነበር። ከጎሕ እስከ ምሽት ማማው ላይ ናቸው፤ በሶ በጥብጠው እዚያው ይጠጣሉ። ድምፃቸው ከደከመ ጀምሮ አሮጌ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣሉ። ሰው ይቅጠሩ አልኳቸው። ወጣቱ ሁሉ ጫት ቆረጣ ላይ መሆኑን ነገሩኝ፤ ደግሞም ወፍ መጠበቅ አሁን የሚያሳፍር ሥራ ሆኗል አሉ። ከማማው ሥር ቆሜ ትንሽ ጮህኩላቸው፤ ወፎቹ ቁብም አልሰጡኝ። አያ መርስዔ ሳቁብኝ። ከዚያ ሳቃቸውን አቋርጠው ወደ ቦዩ ማዶ ተመለከቱ።

«አንች ሱንዱስ፥ የፍሬ ስብሐትን ድምፅ ሰምተሻል ሰሞኑን?»

መታመማቸውን፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተወስደው እንደተመለሱ፣ አልጋ ላይ መዋላቸውን ነገርኳቸው። እኔ ያወቁ መስሎኝ ነበር። ከማማው የማይወርድ ሰው ወሬ ከማን ይሰማል? አንድም ወፍ ሳይኖር ጅራፋቸውን አጮኹ። ከማዶ መልስ አልመጣም። ሄደው ሊጠይቋቸው ፈለጉ፤ ነገር ግን በማን ይተኩ? ነገ እሄዳለሁ ሲሉ ሰነበቱ፤ ነገ የተባለው ቀንም ወፍ አላጣም።

አያ ፍሬ ስብሐት በጥቅምት ሞቱ። እሸቱ ሊጠነክር ትንሽ ቀን ቀርቶት ነበር፤ ከጠነከረ በኋላ ወፍ ብዙም አይጎዳውም። ከጎረቤት ቀብር መቅረት ደግሞ በእኛ አገር የሚካስ ጥፋት አይደለም። ድሮ ቢሆን ዕጣ ይጣል ነበር። አሁን ዕጣ የሚጣጣል ማን አለ? የሜዳው ሰው በሙሉ ለቀብር ወጣ፣ ጫቱ ዝም ብሎ ቆመ፣ ወፉ ግን ከደንገሉ ተነሣ።

አያ መርስዔ ያላቸው አንድ ጋቢ ነው። ወፉም በዚያ ጋቢ እንደሚያውቃቸው እርግጠኛ ነበሩ። አወለቁትና ማማው ላይ በመስቀል ቅርጽ ለታሰሩ እንጨቶች አለበሱት፤ ባርኔጣቸውን ከላይ ደፉለት፣ ጅራፋቸውንም ከጎኑ አሰሩት። እሳቸው በኮታቸው ብቻ ወደ ደብሩ ገሠገሡ።

እኛ ሙስሊሞቹ ከቅጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር ቆመን ነበር። ወንዱ ሁሉ ጋቢውንና ነጠላውን እንደ ኀዘን ወግ አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ለብሷል። ከሁሉም ፊት አያ መርስዔ በኮት ብቻ ቆመዋል። ጉምጉምታው እኛ ድረስ ደረሰ። አንዱ፣ ቂማቸው ስላልወጣላቸው ነው ኀዘን ያልለበሱለት አለ። ሌላው፣ ለይምሰል መጥተው ነው እንጂ አለ። እኔ ተናደድኩ፤ ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ እኔም አላወቅኩም። እሳቸው ሰምተዋል። ሲወጡ በአጠገባችን ሲያልፉ የግራ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

ከቀብር በኋላ ሰው ወደ ድንኳኑ ገባ። አያ መርስዔ በዚያች ሰዓት ወደ ማሳቸው ቢሮጡ ሰው ይረዳቸው ነበር ይሆናል። ግን ያን ጉምጉምታ ከሰሙ በኋላ ቀድሞ መነሣት አልሆነላቸውም፤ ከተነሡ ሐሜቱን እውነት ያደርጉታል። ስለዚህ ተቀመጡ። እዝኑ ቀረበ፣ ተበላ፣ ጸሎት ደረሰ፣ ሌላ ለቀስተኛ መጣ፣ እንደገና ተለቀሰ። በድንኳኑ ላይ የወፍ ድምፅ ባለፈ ቁጥር ዓይናቸው ወደ ላይ ይነሣና ይመለሳል። ሌላው ሰው ይህን አያይም፤ እኔ ግን ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አልነቀልኩም።

የፍሬ ስብሐት ባለቤት እናትዓለም አጠገቤ ነበሩ። ቤታቸው ከፍታ ላይ ነው፤ ከደጃፉ ቁልቁል ሜዳው ይታያል። ውጭ ወጥተው ሲመለሱ በወንዶቹ በኩል አልፈው አያ መርስዔ ፊት ቆሙ። ሰው ሁሉ የሚወቅሷቸው መሰለው።

«ጋቢዎን ማማው ላይ አየሁት» አሉ። «እሱም ሲያጣጥር ጮኸ፤ ‹መለስኋቸው› እያለ ነው የሞተ። ምንድር ነው የመለሰው እያሉ ሲጠይቁኝ ለማን ልንገር? ይሂዱ፥ አያ መርስዔ። የቆዩት በቃው።»

ቀብሩ ላይ ያላለቀሱት ሰው ያን ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ቅድም ሲያሟቸው የነበሩትም አብረው አለቀሱ፤ እኔ ግን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።

ተከትያቸው ወረድኩ። ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘቅዝቃ ነበር። ወፎቹ ጋቢውን ቢፈሩት ምናልባት እስከ ረፋድ ነው፤ ጋቢ እንደማይጮህ ለማወቅ ብዙ አይፈጅባቸውም። ስንደርስ ማሳው ላይ ቦታ የጠበባቸው ይመስሉ ነበር። አንዲቱ ባርኔጣው ላይ ቆማ ላባዋን ታበጥራለች። ዛላዎቹ ከብዷቸው አጎንብሰው የነበሩት፣ አሁን ቀሏቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ድንጋይ ላነሣ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ማማው ላይ ወጡ፣ ጋቢያቸውን ከእንጨቱ አወረዱ፣ አራገፉት። ከዚያ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው እንደ ኀዘን ወግ ለበሱትና ተቀመጡ። ወፎቹ እስኪጠግቡ ድረስ አልጮኹባቸውም።

የተረፈውን በኅዳር መጨረሻ ብቻቸውን አጨዱ። ደቦ የሚጠራበት እህል አልነበረም፤ ቢጠሩም የሚመጣ አልነበረም። ወቅተው ወደ ጎታው ሲያፈሱ እኔ ነበርኩ፤ ልገዛ ሳይሆን እንዲያው አጠገባቸው ልቆም። ካፈሰሱ በኋላ ጎታውን በጣታቸው ከላይ ወደ ታች እያንኳኩ ወረዱ። ባዶው ክፍል ጎላ ብሎ ይጮሃል። ከወገቡ በታች ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ፣ እዚያ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«እዚህ ድረስ ነው» አሉ።

ብሥራት ሲመጣ ጎታውን አልጠየቀም። የአባቱን ፊት አይቶ፣ ይቅር፣ ለከርሞም ይሞክሩ አላቸው። እሳቸው ግን በሰው ፊት የሰጡትን ቃል አላጠፉም፤ መሬቱ ያንተ ነው ብለው ወጡ። በክረምቱ ጫት ተተከለበት። ከመልካሞቹ ዛላዎች ጥቂቱን እሳቸው ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ በሚያገኛቸው ቦታ ሰቅለዋል። በጭስ ውስጥ ዘር ጥቂት ዓመት ይቆያል፤ ለሁልጊዜ ግን አይቆይም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ አንሥተነው አናውቅም።

የሜዳው ሰው ጫቱን የሚጠብቅለት ሲፈልግ፣ ዕድሜውን ሁሉ ማማ ላይ ከዋለ ሰው የተሻለ ዓይን የለም ብሎ አያ መርስዔን መረጠ። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሺ አሉ። ሌላ የሚውሉበት ቦታ እንደሌላቸው ዘግይቶ ነው የገባኝ። በራሳቸው ማማ ላይ ተቀምጠው የሁሉንም ይጠብቃሉ፤ ዕጣው ለዘለቄታው እሳቸው ላይ የወጣ ይመስል። ወንጭፉንና ጅራፉን ግን ቤት አስቀምጠዋቸዋል፤ ለሰው የሚሆን ድንጋይ የለኝም ይላሉ። የተራበ የሚመስል መንገደኛ ቀንበጥ ሲቀነጥብ ካዩ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞራሉ ይባላል። ብሥራትም ሰምቷል፤ አልሰማሁም ይላል።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ ማሽላው እሸት በሚሆንበት ወር፣ ማለዳ ወረድኩ። የምገዛው ስለሌለ ከረጢት አልያዝኩም፤ ትንሽ ዳቦ ይዤ ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው ማማው ላይ ተቀምጠዋል። ከቦዩ ማዶ የፍሬ ስብሐት ማማ አንድ እግሩ ተሰብሮ አዘንብሏል። ስለ እናቴ ጉልበት እየጠየቁኝ ሳለ ወፎቹ ከደንገሉ በኩል ድንገት ብቅ አሉ።

አያ መርስዔ ብድግ አሉ። እጃቸው ጅራፉ ይቀመጥበት ወደነበረው ጎን ሄዶ ባዶ ተመለሰ። ወፎቹ እንደለመዱት ማሳው ላይ ዝቅ አሉ። ችግኙ ላይ ዞሩ፣ እንደገና ዞሩ። አንድም አላረፈም። ከዚያ ከፍ ብለው ወደ ፎገራ፣ ወደ ሩዙ ማሳ አቀኑ። እስኪጠፉ ድረስ ቆመን አየናቸው። ደስ ሊላቸው የሚገባ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት ወፍ ትቷቸው ሄደ። ፊታቸውን ሳይ ግን ልቤ ተሰበረ።

ወደ ማዶው ማማ ዞሩ። እጃቸውን አፋቸው ዳር አድርገው በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው ተጣሩ።

«ፍሬ ስብሐት! ሄዱ!»

ከዚያም መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ቆሙ።